ለእህቴ የተናገርኩት እንግሊዝኛ

ልጅ እያለሁ እንግሊዝኛ ለእኔ ሦስተኛ ቋንቋ ነበር፤ ያውም ሁለተኛውን ገና በቅጡ ሳልይዝ። ቤታችን ውስጥ የምንነጋገረው በኽምጣንጋ ነው። እስከ አራተኛ ክፍል የተማርኩትም በዚያው ቋንቋ፣ ከመንደራችን ዝቅ ብሎ ባለው ትንሽ ትምህርት ቤት ነበር። ከዚያ በላይ ክፍል ስላልነበረው አባቴ አህያው ላይ ማሽላ ጭኖ፣ እኔን ከኋላ አስከትሎ ሰቆጣ ድረስ ወሰደኝና ለአክስቴ ሰጠኝ። አማርኛ የማውቀው ገበያ ስንወርድ ከሰማሁት ነው። ዋጋ መጠየቅና ሰላም ማለት እችላለሁ፤ መቀለድ ግን አልችልም፤ መጣላትም አልችልም። ልጅ ሆኖ በማይጣላበት ቋንቋ መካከል መኖር ምን ያህል እንደሚያንገሸግሽ የደረሰበት ያውቀዋል።

አክስቴ ማር ነጋዴ ነበረች። ቤቷ ከበሩ ጀምሮ ሰፈፍ ሰፈፍ ይሸታል፤ ልብሴም፣ ደብተሬም፣ ጸጉሬም እንደዚያው። ከተሜዎቹ የክፍል ጓደኞቼ አጠገባቸው ስቀመጥ "ንብ መጣች" ይላሉ። ይኼ ብዙም አልከፋኝም። የከፋኝ የአማርኛዬ ነገር ነው። በእኛ ቋንቋ ለወንድም ለሴትም "አንተ" እና "አንቺ" ብሎ መለያየት የለም። እናም የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የሂሳብ መምህራችን ጠይቀውኝ ስመልስ፣ ጢማሙን ትልቅ ሰውዬ "አንቺ እንዳልሽው ነው" አልኳቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ፈገግ አሉ። ከዚያች ቀን በኋላ አፌን ዘጋሁ። በእረፍት ሰዓት ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት እንኳ መስመሩን ረገጥሽ ሲሉኝ አልከራከርም፤ ዝም ብዬ እወጣለሁ።

ሰባተኛ ክፍል ስንደርስ ሂሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ሆነ። የዚያን ጊዜ ተማሪ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ አንድ መጽሐፍ ለሦስት ይታደላል፤ ሦስታችን ጭንቅላታችንን አጋጥመን እናፈጣለን፤ አንዳችንም አንረዳውም። ለእኔ ደግሞ መንገዱ ረጅም ነበር። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ አማርኛውን ወደ ኽምጣንጋ እመልሳለሁ፤ ከዚያ ገባኝ ስል መምህሩ ሰሌዳውን አጥፍተው ሌላ ጽፈዋል። በዚያ ላይ የእንግሊዝኛን ትምህርት ከምር የሚቆጥረው ሰው አልነበረም። ስብሰባ ሲኖር የሚሰረዘው የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ነው። ችግኝ ተከላ ሲመጣ የሚሰረዘው የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ነው። የሂሳቡን ማንም አይነካውም። ሂሳብ ያወቀ ጎበዝ ይባላል፤ እንግሊዝኛ የሞከረ ግን "ፈረንጅ ሊሆን ነው" ተብሎ ይሳቅበታል።

መምህር አዱኛ የመጡት በዚያ ዓመት ነበር። ከጎጃም ተመድበው የመጡ ወጣት፣ ቀጭን፣ በሰቆጣ ፀሐይ ኮት የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ሌሎቹ መምህራን "ይኼን አገር እስኪለምዱት ነው" ይሏቸው ነበር። አንድ ጠዋት በ"ንግ" የሚያልቁ የእንግሊዝኛ ቃላት ሰሌዳው ላይ ደረደሩና በየተራ በሉ አሉን። ሁሉም "ሎንግ"፣ "ሞርኒንግ" እያለ መጨረሻ ላይ "ግ"ዋን እንደ መዶሻ ይመታታል። መምህር አዱኛ ራሳቸውን እየነቀነቁ ከወንበር ወደ ወንበር ሲያልፉ እኔ ጋ ደረሱ። ከመጡ ጀምሮ ድምፄን ሰምተው አያውቁም። ጎንበስ ብዬ በቀስታ አልኩት።

ቆሙ። ልማድ ሆኖበት ክፍሉ መሳቅ ጀምሯል።

"ዝም በሉ" አሉ። ወደ እኔ ዞረው፣ "እስቲ ድገሚው።"

ደገምኩት።

"ቤታችሁ የምትነጋገሩበት ቋንቋ ስሙ ምንድን ነው?"

ወጥመድ መሰለኝ። ከተሜው ሁሉ "አገውኛ" ነው የሚለው፤ እኔም እንደዚያ ልል ነበር። ግን ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እናቴ እንደምትለው አድርጌ "ኽምጣንጋ" አልኩ። በአማርኛ ሲጻፍ "ን" እና "ጋ" ሆኖ ይለያያል እንጂ እኛ ስንለው ሁለቱ አፍንጫ ውስጥ ገብተው አንድ ድምፅ ይሆናሉ። መምህር አዱኛ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ከዚያ ለክፍሉ ተናገሩ።

"ይህችን ድምፅ ሊያስተምሩኝ ኮሌጅ ውስጥ ብዙ ደክመውብኛል። እስካሁንም አፌ ላይ በትክክል አትወጣም። ይህች ልጅ ግን ከእናቷ ጡት ጋር ጠጥታታለች። ነይ፣ ውጪና አስተምሪን።"

ወጥቼ ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። "ኽምጣንጋ" ስል ክፍሉ በሙሉ ተከተለኝ፤ አንዱም አልቻለም። አንዱ አፍንጫውን ይይዛል፣ አንዷ ታስላለች፣ መምህሩም ራሳቸው ይሞክራሉ፣ አይሆንላቸውም። ሳቁ ያው ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ሁሉም በራሱ ነበር የሚስቀው። እኔም ሳቅኩ። ሰቆጣ ከመጣሁ ክፍል ውስጥ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር የተቃናልኝ እንዳይመስላችሁ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ፈተና ተፈተንንና ወደቅኩ። ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነበር። ከክፍሉ ጀርባ ግድግዳውን ተደግፌ ሳለቅስ መምህር አዱኛ አገኙኝ። ያባብሉኛል ብዬ ነበር፤ አላባበሉኝም።

"ያ ድምፅ ስጦታ ነበር" አሉኝ። "የቀረው ሥራ ነው። ከባድ ነው። ለእኔም ከብዶኝ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ በእረፍት ሰዓት አንቺ አንድ ቃል ትጠይቂኛለሽ፣ እኔም ካንቺ ቋንቋ አንድ ቃል እጠይቅሻለሁ።"

እንዲህ ተስማማን። ከቢሮው ጥግ ባለችው የግራር ጥላ ቆመን ቃል እንለዋወጣለን። ውሃ "አቍ" መባሉን ሲሰሙ እያጣጣሙ ደጋግመው አሉት፤ ሲሳሳቱም አያፍሩም። ትልቅ ሰው፣ ያውም መምህር፣ እኔ ፊት ሲሳሳትና ሳያፍር ማየት ለእኔ ከማንኛውም ትምህርት በላይ ነበር። እኔ ስናገር ደግሞ አንድ ደንብ ነበራቸው። የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር ምንም ቢጣመም ሳልጨርስ ማቆም የለም። "ልክ ባይሆንም ጨርሺው፤ እርማቱ በኋላ ይደርሳል" ይሉኛል።

በዚያው ዓመት ጥሩ የምትባለው ታላቅ እህቴ ቤሩት ሄደች። ትምህርቷን ያቋረጠችው ገና ትንሽ ሳለች ነው። በእኛ መንደር ያኔም ጉልበት ያላቸው ልጆች አንድ በአንድ እየወጡ ነበር፤ እሷም ጓደኞቿን ተከትላ ወጣች። ቤቱ ለእናቴ ጭር አለባት። ትንሽ ቆይቶ አባቴ አክስቴ ቤት መጣና፣ ለአክስቴ ያመጣውን ማር ካወረደ በኋላ፣ ትምህርቱን ትቼ ከእሱ ጋር እንድመለስ ነገረኝ። ሳይቆጣ ነው የነገረኝ። እናቴ ብቻዋን ውሃውንም እንጨቱንም አልቻለችውም። ምን ብዬ ልከራከረው?

አክስቴ ግን ነገሩን ለመምህር አዱኛ አድርሳ ኖሮ፣ ከሰዓት በኋላ ኮታቸውን እንደለበሱ ከች አሉ። አባቴ ሊቀበላቸው ሲነሳ፣ እኔ ያስተማርኳቸውን የኽምጣንጋ ሰላምታ በሙሉ ድምፅ አሉት። ያስተማርኳቸው የጠዋቱን ነበር። ፀሐይዋ ልትገባ ደርሳ "እንዴት አደሩ" አሉት።

አባቴ ኮስታራ ሰው ነው፤ የዚያን ቀን ግን ከንፈሩን መያዝ አቃተው። "መምህር፣ ከጠዋት ጀምሮ ደጃፍ ላይ ነበሩ እንዴ? ምነው ቢገቡ" አለ በአማርኛ። ሁላችንም ሳቅን። ከተቀመጡ በኋላ ግን ወደ ቁም ነገሩ ገባ።

"ልጄን ስለወደዱልኝ አመሰግናለሁ። ግን እስቲ ይንገሩኝ፤ በዚህ በፈረንጅ ቋንቋ ማንን ልታነጋግርበት ነው? እኛ አገር ፈረንጅ የለ። ዐረብኛ ቢሆን እንኳ በእህቷ አይቼ በገባኝ።"

"ጋሼ ወልዱ፣ ዛሬ ጥቅሙን አውጥቼ ላሳይዎ አልችልም" አሉ መምህር አዱኛ። "ይህን ትሆናለች፣ ያን ታገኛለች ብዬም አልዋሽዎትም። ግን ይህች ልጅ ወደ እኔ ስትመጣ አፍ አልነበራትም። አሁን ትናገራለች።"

አባቴ ወደ እኔ አየ። "በእኛ ቋንቋማ ድሮም ትናገራለች። ዝም የምትል ልጅ መሰለችዎ? ከብት ስታግድ ከላሞቹ ጋር ሳይቀር ታወራ ነበር።"

 መምህሩ ኮታቸውን አስተካከሉ። እኔ ጥግ ተቀምጬ ሁለቱንም አያለሁ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በመጨረሻ አባቴ እንዲህ አለ፤ "እንግዲህ ክረምት እስኪገባ ትቆይ። ከዚያ ወዲያ እግዜር ያውቃል።"

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በአንድ የገበያ ቀን አባቴ እንደገና መጣ። እኔን ይዞ ለመመለስ ነበር። ከአክስቴ ጋር ማር ሲመዝኑ የአክስቴ ስልክ ጮኸ። የደወለችው እህቴ ጥሩ ናት። ታለቅሳለች። አክስቴ የምትለው አልሰማ ቢላት ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ።

"ሆዴን" አለችኝ እህቴ። "ከትናንት ጀምሮ ቀኙን ጎኔን ይወጋኛል፤ መቆም አቃተኝ። እመቤቲቱ ሥራ ጠልታ ነው ብላለች።"

"ንገሪያት እንጂ፣ ታምሜአለሁ በያት።"

"በምን ቋንቋ? እኔ የማውቀው ዐረብኛ 'ነይ'፣ 'አምጪ'፣ 'እጠቢ'፣ 'ቶሎ በይ' ነው። የነገሩኝ ይህንኑ ነው። ሕመምን ምን እንደሚሉት ማንም አልነገረኝም።" ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ "የቤቱ ልጅ አዝና ስልኳን ሰጠችኝ። እንግሊዝኛ ታውቃለች። አንቺ አናግሪያት።"

አክስቴ ነጠላዋን አንስታ "መምህሩን ልጥራ" ብላ ወደ በሩ ሄደች። እህቴ ግን "እናቷ ስትመጣ ስልኩን ትወስደዋለች፤ አሁን ነው" አለች። አባቴ የማር ዕቃውን እንደያዘ ያየኛል። ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ድምፅ። በእንግሊዝኛ ማን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ።

 የተማርኩት ሁሉ ጠፋኝ። "ሂ ኢዝ ሲክ" አልኩ።

ልጅቷ ግራ ገባት። "እሱ ማን ነው?" አለችኝ በእንግሊዝኛ።

ያው አንተና አንቺን የማያውቀው አፌ ነበር። ልተወው ነበር፤ ስልኩን ለአክስቴ መልሼ ልሮጥ ነበር። ግን አንዴ ጀምሬዋለሁና ወደ ፊት ገፋሁ። "ማይ ሲስተር" አልኩ። "ማይ ሲስተር ኢዝ ሲክ።" ሆድ የሚለውን የሳይንስ መምህራችን "ስቶማች" እያሉ ነበር የሚያነቡት፤ እንደሳቸው አልኩት፤ አልገባትም። ደገምኩት፤ አልገባትም። ለጥሩ በኽምጣንጋ "የሚያምሽን ቦታ በእጅሽ አሳያት" ብዬ ጮህኩላት። ወዲያው ልጅቷ "አህ" ስትል ሰማሁ። የቀረውን እንዴት እንዳልኩት ዛሬም ይደንቀኛል። ሰነፍ አይደለችም፣ ታማለች፣ ትናንት ጀመራት፣ እባክሽ ሆስፒታል፣ ዛሬ። ግሡ ቦታውን አልያዘም፤ ጊዜው ተዘባርቋል። ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ ሁሉንም አልኩት፣ "ፕሊስ"ንም ደጋግሜ አልኩት።

 ልጅቷ ስልኩን ሳትዘጋ በዐረብኛ ከሌላ ሰው ጋር መከራከር ጀመረች። ድምፅዋ ከፍ፣ የሌላዋም ከፍ። መስመሩ ተቋረጠ።

 አባቴ ወደ መንደር አልተመለሰም፤ አህያውን ደጅ አስሮ የአክስቴን ስልክ ፊቱ አስቀምጦ ተቀመጠ። በማግስቱ ስልኩ ሲጮህ ራሱ አንስቶ ለእኔ ሰጠኝ። ልጅቷ ነበረች። እኔ እንድረዳት ብላ ቀስ እያለች፣ እንደ ሕፃን እያባበለችኝ ተናገረች፤ ኦፕሬሽን፣ ትርፍ አንጀት፣ አለቀ፣ ደህና ናት፣ ተኝታለች። ዶክተሩ "ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ አትተርፍም ነበር" ብሎ እንደነበር ጥሩ ኋላ ነገረችን።

ለአባቴ በኽምጣንጋ ነገርኩት። ራሱን በጋቢው ሸፈነ። ከዚያ የተናገርኩትን አንድ በአንድ እንድተረጉምለት ጠየቀኝ፤ ትናንት ምን እንዳልኩ፣ እሷ ምን እንደመለሰች፣ መጀመሪያ ለምን እንዳልገባት። እህቴን ወንድ እንዳደረግኳት ስነግረው ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ አላወቅኩም።

"ለመጪው ዓመት" አለኝ ሲነሳ፣ "ለትምህርቱ ምን ምን ያስፈልግሻል?"

ለመምህር አዱኛ ታሪኩን ስነግራቸው ጎሽ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። "'ሺ' ነው የሚባለው" አሉኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና መሐረባቸውን ፈለጉ።

መምህር አዱኛ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ አገራቸው ተዛወሩ። እህቴ ጥሩ ተመልሳ ዛሬ አምደወርቅ ከተማ ልብስ ትነግዳለች፤ ልጆችም አሏት። እኔ እዚሁ ሰቆጣ የእንግሊዝኛ መምህርት ሆኛለሁ። ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ክፍል ስመደብ "ከዚህ ሌላ አጥተሽ ነው?" ያላለኝ ዘመድ አልነበረም፤ ዛሬም የሚለኝ አለ። ስብሰባ ሲመጣ ዛሬም መጀመሪያ የሚታሰበው የእኔ ክፍለ ጊዜ ነው። እኔ ግን አልሰጥም። ርዕሰ መምህሩ ይህንን ስላወቁ መጠየቅ ትተዋል። ቋንቋ ከባድ ትምህርት ነው፤ ከባድነቱን ግን ከሌሎቹ ትምህርቶች ያነሰ የሚያስመስሉት በእሱ ሳይቸገሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው።

ዘመኑ ተለውጧል። እኛ ለሦስት አንድ መጽሐፍ ላይ ያፈጠጥነውን ዛሬ ተማሪዎቼ ከስልካቸው ያገኙታል። ዘፈን እየሰሙ ያደጉ ስለሆኑ አንዳንዶቹ ከእኔ የተሻለ ይናገራሉ። በቀደም አንዱ "ቲቸር፣ ስልኩ ይተረጉም የለ፣ ለምን እንደክማለን?" አለኝ። "እስቲ በኽምጣንጋ ጠይቀው" አልኩት። ሞከረ፤ ስልኩ ዝም አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ ከገጠር የመጡት ልጆች ደግሞ ከሁሉም በላይ ሳቁ። በእኛ ጊዜ አንገታቸውን የሚደፉት እነሱ ነበሩ።

እንዲህም ሆኖ ያላሰብኩት ነገር ቤቴ ገብቷል። ልጄ የከተማ ልጅ ናት። አማርኛዋ የጠራ ነው፤ እንግሊዝኛውን ከካርቱን ለቅማዋለች። ኽምጣንጋ ግን አታውቅም። ለእሷ ከባዱ፣ ሩቁ፣ ማንም የማያስጠናት ቋንቋ የአያቷ ቋንቋ ሆኗል። እኔ ጠዋት ማታ የሌላ ሰው ልጆች ሳስተምር የራሴን ልጅ ሳላስተምር ቆየሁ።

አሁን አባቴ ሸምግሏል። ለሕክምና ሲመጣ እኛ ዘንድ ይሰነብታል። ባለፈው ሰሞን በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ልጄ አጠገቡ ተቀመጠች። እኔ ከውስጥ ደብተር እያረምኩ እሰማለሁ። እሱ ሲሰነብት በለቃቀመችው ኽምጣንጋ ልታናግረው ጀመረች። ግማሹ አማርኛ ነው፤ ቃሉ ይሰበራል፤ መሃል ላይ ትፈልገዋለች፣ ታጣዋለች፣ በሌላ ትተካዋለች። ልትጠይቀው የፈለገችው በልጅነቱ ምን ይጫወት እንደነበር ነው። እርማቱ ምላሴ ላይ መጣ፤ እስክሪብቶዬን ይዤ ተነሳሁ። አባቴ ግን ጆሮውን ወደ እሷ አዘንብሎ እስከ መጨረሻው ሰማት። አንዲት ቃል አላቃናባትም። ስትጨርስ በኽምጣንጋ፣ ቀስ ብሎ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚነገር አድርጎ መልስ ይሰጣት ጀመር።